ባለቤት ያለው፣ ጠባቂ ያጣ ውሃ

ጥር 10 ቀን በጎጃም ደጋ የማይከተር ጅረት የለም ማለት ይቻላል። የሰፈሩ ጎረምሳ ድንጋይና አፈር ተሸክሞ ይወርዳል፣ ውሃውን ያቆመዋል፣ ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወርደው ከክትሩ አጠገብ ያድራሉ፣ በማግስቱ ውሃው ተባርኮ ሕዝቡ ይረጭበታል። በመርጡለ ማርያም ዙሪያም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ማዶ ነገሩ ይኸው ነው። ይህ ክትር ለመስኖም ለመብራትም አይደለም፤ ለበዓል ነው። አደጋው ትንሽ ነው፤ ውሃው ጥቂት፣ ወሩ በጋ፣ ዙሪያውን ቆሞ የሚያየው ሰው ብዙ ነውና። ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይጠርገዋል፣ ሲሄድም ይዞት የሚወርደው ጥቂት ድንጋይና ጭቃ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚለወጠው ክትሩ ዓመቱን ሙሉ እንዲቆም፣ ባለቤቱም አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር እንዲሆን፣ ውሃውም ለጀልባ፣ ለዓሣና ለእንግዳ ዓይን ማረፊያ እንዲበቃ ሲፈለግ ነው። ስለ ትልልቆቹ ግድቦች ብዙ ተብሏል፣ ወደፊትም ይባላል። በመርጡለ ማርያም ኮረብቶች ላይ የዘነበው ዝናብ በዓባይ ሸለቆ ወርዶ የሚገባበት የታላቁ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ዓይኑን ያላሳረፈበት መሐንዲስ፣ መንግሥትና ጎረቤት አልነበረም። ለአንድ ሎጅ የተገደበን ገደል ግን ማን ያየዋል? የዓለም ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ሰው ሳይሰጋው ተኝቶ ያደረ ውሃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ውሃን ለበዓልና ለዓይን ማቆም ለእኛ እንግዳ አይደለም። አክሱም ላይ የንግሥተ ሳባ መዋኛ እየተባለ የሚጠራው ማይ ሹም እስከ ዛሬ ጥምቀት ይከበርበታል። ጎንደር ላይ በአፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ በየዓመቱ ይሞላል። እነዚህ ረጅም ዕድሜ ያገኙት ድንጋያቸው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚጠርጋቸው፣ የሚሞላቸውና የሚያፈሳቸው ስላለ ነው። እንዲያም ሆኖ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚያው በፋሲል መዋኛ ለተመልካች የተተከለው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፣ ከ100 በላይ ቆሰሉ። የጥንቱ ግንብ ምንም አልሆነም። የወደቀው ለአንድ በዓል ተብሎ በጎኑ የተጨመረው ነው። አሮጌ ሥራ ላይ ለአዲስ ደስታ የሚጨመር ነገር ሁሉ አዲስ ምርመራ እንደሚፈልግ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም ነበር፤ ነገር ግን የዚህ ጉዳይ ዋናው ታሪክ ያለው በሌላ አገር ነው።

በ1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰው የሚያወራው ሞልቶት ነበር። መጋቢት ላይ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ሚያዝያ ላይ የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ ጎጃምም በአፄውና በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጠብ የደረሰባት ቁስል ገና አልሻረም። በዚያው ዓመት ግንቦት 24 ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1889፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ጆንስታውን የምትባል የብረት ሠራተኞች ከተማ ከተራራ በወረደ ውሃ ተመታች። 2,209 ሰው ሞተ። ውሃው የመጣው ከከተማዋ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ የሀብታሞች መዝናኛ ሐይቅ ነው።

ሳውዝ ፎርክ የሚባለው ይህ ግድብ ሲወለድ የመንግሥት ነበር። የፔንሲልቬኒያ ግዛት ለጀልባ መጓጓዣ ቦዩ ውሃ እንዲያከማችለት ያሠራው ሲሆን፣ ቁመቱ 22 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ280 ሜትር በላይ የሆነ የአፈር ግድብ ነው። መርዓዊ አጠገብ ያለውን የቆጋ ግድብ ያየ ሰው በቁመት እኩያው መሆኑን ይወቅ፤ የያዘው ውሃ ግን የቆጋን 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሩብ አይሞላም። የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች ሥራቸው ደህና ነበር። ለትርፍ ውሃ ሰፊ ማፍሰሻ ከዳር አበጁለት፤ ከግርጌው ደግሞ ውሃውን እንደ አስፈላጊነቱ የሚያጎድሉ 5 የብረት ቱቦዎች ቀበሩ።

ከዚያ ባቡር መጣ። ቦዩ ሥራ ፈታ፣ ግድቡም ለባቡር ኩባንያ ተሸጠ። ኩባንያው የፈለገው መሬቱን እንጂ ውሃውን አልነበረም። በ1862 እ.ኤ.አ. ግድቡ በከፊል ፈረሰ፤ ሐይቁ ግማሽ ያህል ብቻ ይዞ ስለነበር ያን ያህል ጉዳት አላደረሰም፣ ማንም አልጠገነውም። በ1875 ጆን ራይሊ የሚባል የምክር ቤት አባል ገዝቶት ቱቦዎቹን አስወልቆ እንደ ቁራጭ ብረት ሸጣቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ቤንጃሚን ረፍ የሚባል ሰው ቦታውን ወስዶ የሳውዝ ፎርክ የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብን አቋቋመ። ከአባላቱ መካከል አንድሩ ካርኔጊ፣ ሄንሪ ክሌይ ፍሪክና አንድሩ ሜሎን ነበሩ። የፈረሰው ክፍል በአፈር፣ በድንጋይና በገለባ ሳይቀር ተደፈነ። ቱቦዎቹ አልተመለሱም። ሁለት ሠረገላ ጎን ለጎን ይለፍ ተብሎ የግድቡ አናት ተላጨ፣ ዝቅም አለ። የተገዛው ዓሣ ከሐይቁ እንዳያመልጥ በማፍሰሻው አፍ ላይ ወንፊት ተደረገ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱም የነፍሰ ገዳይ ሥራ አይደለም። ጥቅም የሌለው ብረት ይሸጣል፤ ጠባብ መንገድ ይሰፋል፤ ገንዘብ የወጣበት ዓሣ ይጠበቃል። እኔ ብሆንም፣ አንባቢ ብትሆንም፣ አንዱን ባደረግነው ነበር። ግን አንድ ላይ ሲደመሩ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት በር ጠበበ፣ የግድቡ አናት ወደ ውሃው ቀረበ፣ በጭንቅ ቀን ውሃውን ከታች የማጉደያው መንገድ ደግሞ ፈጽሞ ጠፋ።

የሚያስቆጨው፣ ያየ ሰው መኖሩ ነው። የጆንስታውን ብረት ፋብሪካ ኃላፊ ዳንኤል ሞሬል ስጋት ገብቶት በ1880 ጆን ፉልተን የተባለ መሐንዲስ ላከ። ፉልተን ማስወጫ ቱቦ አለመኖሩንና ጥገናው ደካማ መሆኑን ጻፈ። ረፍ ደብዳቤውን አጣጣለው፤ ከታች ያሉት ሰዎች የሚያሰጋቸው ነገር የለም አለ። ሞሬል ወጪ እንጋራ እስከ ማለት ደርሶ ነበር፣ አልተሰማም፣ በ1885 ሞተ። ጉዳዩም አብሮት ተቀበረ። ሞሬል ደብዳቤ ከመጻፍ ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ገብቶ ይህን አስተካክሉ፣ ካላስተካከላችሁ ውሃውን እናፈሳለን የሚል ሥልጣን ያለው ቢሮ በግዛቱ አልነበረም። አንድ የግል ክበብ በገዛ መሬቱ የፈለገውን አደረገ፤ ጎረቤት ደግሞ ለመነ። ዝናቡ በመጣ ቀን ወንፊቱ በግንድና በቅጠል ተደፈነ፣ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ፈሰሰ፣ ከሰዓት በኋላም ግድቡ ሄደ። ውሃው ጆንስታውን ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ነው የፈጀበት።

ከዚያ በኋላ ክስ ተመሠረተ። ክበቡም አባላቱም አንድ ሳንቲም ካሳ በፍርድ አልከፈሉም፤ የአምላክ ቁጣ ነው ተባለ። ካርኔጊ ለከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሠራላት፤ ለልግስናው ምስጋና ይገባዋል፣ ለፍትሕ ግን ምትክ አልሆነም።

በእንግሊዝ ሕጉ ቀድሞ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ጆን ራይላንድስ የተባለ የፋብሪካ ባለቤት ያስቆፈረው የውሃ ማጠራቀሚያ በ1860 እ.ኤ.አ. አፈትልኮ የጎረቤቱን የቶማስ ፍሌቸርን የከሰል ማዕድን አጥለቀለቀ። ራይላንድስ ራሱ ጥፋት አልነበረበትም፤ ሥራውን የሰጠው ለባለሙያ ነው። የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ግን አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባረፉበት ዓመት ክረምት፣ ሐምሌ 1860 ዓ.ም.፣ ቢያመልጥ ጉዳት የሚያደርስ ነገር በመሬቱ ላይ ያከማቸ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል ሲል ፈረደ። ከጆንስታውን በኋላ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም ቀስ በቀስ ወደዚህ አስተሳሰብ አዘነበሉ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ይኸው አስተሳሰብ ከ60 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ መኖሩን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069፣ የመሬትን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ከወትሮው የተለየ አደጋ ላይ የጣለ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አፈር ቆልሎ ውሃ ያቆመ ባለሀብት ከዚህ ያመልጣል ብዬ አላምንም። እንግዲህ ካሳ የሚጠየቅበት ሕግ አለን። ነገር ግን ካሳ የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚያይ ዓይን ሌላ ነገር ነው፤ አገሮች እሱን ያገኙት ዘግይተው፣ አብዛኛውን ጊዜም ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እንግሊዝ የግድብ ደኅንነት ሕግ ያወጣችው በ1930 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በ1925 በዌልስ ዶልጋሮግ 16 ሰዎች በግድብ መፍረስ ሞተውባታል።

አሜሪካ ደግሞ ሕጉን አውጥታ ገንዘቡን ረሳች። የግድብ ምርመራ ሕግ በ1972 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፤ ለሥራው ግን በጀት አልተመደበም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1970 ዓ.ም. ሌሊት፣ በጆርጂያ ቶኮዋ የሚገኝ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በላዩ የነበረው ግድብ ፈርሶበት 39 ሰዎች ሞቱ። ያ ግድብ መጀመሪያ መብራት ያመነጭ ነበር፤ ማመንጨቱን ካቆመ 20 ዓመት ሆኖታል፣ ሐይቁ የቀረው ለመዝናኛ ነው። ፕሬዚዳንት ካርተር የትውልድ ግዛታቸውን ይህ ሐዘን ካጋጠማት በኋላ ምርመራው እንዲጀመር አዘዙ። ሳውዝ ፎርክና ቶኮዋ በ88 ዓመት ቢራራቁም ታሪካቸው አንድ ነው፤ ግድብ የመጀመሪያ ሥራውን ሲጨርስ የሚጠብቁት ሠራተኞች ይሄዳሉ፣ ውሃው ግን አይሄድም።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በኬንያ ናኩሩ አውራጃ ሶላይ በሚባል ቦታ የፓቴል ግድብ ማታ ፈርሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። የግል እርሻ ግድብ ነበር። የአገሪቱ የውሃ ባለሥልጣን ለግድቡ ፈቃድ አልተሰጠም ነበር አለ። ግድቡ ግን በኮረብታው ላይ ለዓመታት በግልጽ ቆሞ ነበር፤ ከሥሩ የሚኖሩትም በየቀኑ ያዩት ነበር።

የእኛስ? በአማራ ክልል ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዘላቂ ግብርናና የአካባቢ ተሃድሶ ኮሚሽን ትናንሽ የአፈር ግድቦችን ሠርቷል፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ሰላምኮ አንዱ ነው። ኮሚሽኑ ዛሬ የለም፤ ግድቦቹ ግን አሉ። የዓባይ ተፋሰስን የሚያስተዳድረው ተቋምም በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ከታሰበ ወዲህ ስሙና ቤቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተለዋውጦ ሥራው ዛሬ በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ይገኛል። መሥሪያ ቤት ሲፈርስና ሲገነባ የሚጠፋው የግድቡ ፋይል ነው፤ ማፍሰሻው ስንት ሜትር ስፋት እንዳለው፣ ከሥሩ ምን አፈር እንዳለ፣ ማን እንደ ሠራው የሚናገረው ወረቀት። ደለሉ ደግሞ ፋይል አይጠብቅም። የጎንደርን ከተማ የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ ከታሰበው ፈጥኖ በደለል ተሞልቷል። በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤልም በደለልና በእምቦጭ ተይዞ ለአስርት ዓመታት መብራት ሳያመነጭ ቆይቶ ነው የታደሰው። እነዚህ የመንግሥት ናቸው፣ መሐንዲስም አላቸው። የግሉን ከዚህ መገመት ነው።

ጎጃም ላይ ተጨማሪ ችግር አለ። ከጮቄ የሚነሱት እነ ሙጋና ሱሃ በክረምት አፈር ተሸክመው ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ይከመራል። ሜዳው ላይ ያለው ዋልካ አፈር በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። በእንዲህ ያለ አፈር ብቻ በግሬደርና በገልባጭ መኪና የተቆለለ ግድብ በመጀመሪያው ሐምሌ በስንጥቁ ውሃ ያስገባል። ውሃ በአፈር ግድብ ውስጥ መንገድ ካገኘ፣ ቅንጣት በቅንጣት እያነሣ ያሰፋዋል፤ ከታች በኩል የሚያዣው ውሃ ንጹሕ ከሆነ ጊዜ አለ፣ ደፍርሶ ከወጣ ግን ሰው ማስነሣት ነው። ፍልፈል ይቆፍርበታል። ባለቤቱ ጥላ ይሁነኝ ብሎ የተከለው ባሕር ዛፍ ሥሩን ይሰድበታል፤ ዛፉ ሲቆረጥ ሥሩ በስብሶ ቱቦ ይሆናል። ከብት በአናቱ እየተመላለሰ ይቦረቡረዋል፣ የተቦረቦረው ቦታ ደግሞ ውሃው መጀመሪያ የሚያልፍበት ይሆናል።

የመርጡለ ማርያምን ደብር የጎበኘ ሰው የአሮጌውን ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ፍርስራሽ ሳያይ አይመለስም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን በኖራ ያደሱት ግንብ ነው። ጠባቂ ባጣ ጊዜ ፈረሰ፤ የቀረው ግድግዳ ግን አሁንም ቆሞ የጥንቱን ቅርጽ ያሳያል፣ ማንንም አያስፈራም። ግንብ ሲረሳ ቅርስ ይሆናል። የአፈር ግድብ ሲረሳ ቅርስ አይሆንም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሞላል።

እንበልና ነገ አንድ ባለሀብት ከመርጡለ ማርያም ከተማ ወጣ ብሎ አንድ ሸለቆ ገድቦ የጀልባና የዓሣ መዝናኛ ልሥራ አለ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ለከተማዋም ሥራ ነው፣ ጎርጎራና ወንጪ ላይ መንግሥት ራሱ የጀመረው ፋሽን ነው። ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር ይሁን። ይህ 15,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ በክብደት 150,000 ኩንታል፣ 5 ቶን በሚጭን አይሱዙ 3,000 ጭነት። ይህ ሁሉ ከአንድ የአፈር ግድግዳ ጀርባ ቆሟል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሥራ ለመገንባት ፈቃድ እንዲወጣ ያዛል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም አለ። ነገር ግን እሱን ተከትሎ የወጣው መመሪያ ለግድብ ያስቀመጠው መስፈርት ቁመቱ 15 ሜትር፣ ወይም ውሃው 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ወይም ኃይሉ 10 ሜጋ ዋት የደረሰውን ነው። የእኛ ባለሀብት ከዚህ በታች በብዙ ይቀራል። ግን 39 ሰው የገደለው የቶኮዋው ግድብም 12 ሜትር ገደማ ነበር፣ ውሃውም አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ አልሞላም። የሶላዩ በወቅቱ በወጡ ዘገባዎች 70 ሚሊዮን ሊትር ያህል፣ ማለትም 70,000 ሜትር ኩብ ነው የተባለው። ሁለቱም በእኛ መስፈርት ትንሽ ናቸው።

ደቡብ አፍሪካ ይህን ቀዳዳ በቀላል ቁጥር ደፍናዋለች። ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ሆኖ ከ50,000 ሜትር ኩብ በላይ የሚይዝ ግድብ ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን የገበሬ፣ ይመዘገባል፣ እንደ አደጋው ደረጃም ይመረመራል። እኔ በእኛ ተራራማ አገር ከዚህም መውረድ ይገባል እላለሁ፤ ዋናው ጥያቄ ውሃው ስንት ነው ሳይሆን ከሥሩ ማን ይተኛል ነውና። ከግድቡ በታች ያለው ገደልና ዱር ከሆነ ባለቤቱ የሚያጣው ገንዘቡን ነው። ከታች ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ የቅዳሴ ቦታ ወይም ጎጆ ካለ ግን ጉዳዩ የባለቤቱ ብቻ መሆኑ ያበቃል።

ምርመራ ሁሉን ያድናል አልልም። በሚቺጋን የኤደንቪል ግድብ የግል ነበር፤ የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ ማፍሰሻው ጠባብ ነው እያለ ለዓመታት ከባለቤቱ ጋር ተሟግቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የኃይል ፈቃዱን ነጠቀ። ግድቡ ግን ውሃውን እንደያዘ ወደ ግዛቱ ቁጥጥር ተዛወረ፤ ግንቦት 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ፈረሰ። የፈረሰውም ሁሉ በፈራው መንገድ አልነበረም፤ በሐይቁ ከፍታ የተነሣ በግድቡ ውስጥ የነበረው ልል አሸዋ ድንገት ጥንካሬውን አጣ። ሆኖም 10,000 ያህል ሰው አስቀድሞ እንዲነሣ ተደርጎ ነበርና የሞተ የለም። ፈቃድ መንጠቅ ብቻውን ውሃ አያጎድልም። ማስጠንቀቂያ ግን ሰው ያተርፋል።

ስለዚህ ከወረዳው የሚጠበቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤቱ መሬት ከመስጠቱ በፊት የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ፊርማ ይኑርበት። ማፍሰሻ የሌለው ወይም ማፍሰሻው በወንፊትና በአጥር የተዘጋ ግድብ እንዳይሞላ ይከልከል። ከግርጌው ማስወጫ ቱቦ የሌለው አይፈቀድ፤ ጆንስታውን ላይ ያልነበረው እሱ ነው። ግድቡ ሲሸጥ ወይም ሥራው ሲለወጥ ፈቃዱ እንደ አዲስ ይታይ፤ ሥራ ያቆመ መዝናኛ ደግሞ ውሃውን አፍስሶ፣ ግድቡን ቆርጦ ይሂድ እንጂ ሞልቶ አይተው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ አንድ ባለሙያ በግድቡ አናትና ግርጌ ይሂድበት፣ ያየውንም ለቀበሌው በጽሑፍ ያስቀምጥ። ከታች ያሉት ሰዎች ስልክ ቁጥር በዘበኛው እጅ ይኑር። ክልሉ ይህን በአንድ ደንብ ማዘዝ ይችላል፤ ቢያዝዝም የሚከብደው ወገን የለም።

ከግድብ በታች የምትኖሩ አንባቢዎች ሆይ፣ ይህ ሁሉ እስኪመጣ ድረስ የላይኛውን ባለቤት ማፍሰሻው የት እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልመለሰላችሁ ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቱ፣ ማመልከቻችሁንም አስመዝግቡ፣ ቅጂውን ያዙ። ጉዳት የደረሰበት ሰው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ካሳ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን አይርሳ።